ድንጋዩ የነበረበት

የእንግሊዝ ኅዳር ነው። የመንደሩ አዳራሽ
እርጥብ ካፖርትና እርጥብ ውሻ ይሸታል፤
አሮጌው ማሞቂያ አንዴ ያስነጥሳል፣ አንዴ ዝም ይላል።
ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ተዘርግቷል፣
አራት ማዕዘኑን አራት የሻይ ኩባያ ረግጠው ይዘውታል።

«ውሳኔ ይዘን አልመጣንም» አለች ፊሊፓ፣
የምክር ቤቷ ሠራተኛ፣ እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ፤
«የመጣነው ልንሰማ ነው።»
ከኋላ አንዱ ሳቀ።
ለምን እንደሳቀ የጠየቀው የለም።

በስተግራ ሄርስኮት፣ ባለ ቤተ ክርስቲያኑ፤
በስተቀኝ ኔዘር ዊክስታን፣ ባለ ወፍጮው፤
በመካከል፣ አምና ገብስ በነበረው ሜዳ፣
ስድስት መቶ ሃያ ቤት፣ ቀለሙ ያልደረቀ፣
ጎዳናው ሁሉ በወፍ ስም የተጠራ፣
ወፎቹ ከሄዱ በኋላ።

ቁጥቋጦው ተነቅሎ መስመሩ ግን ቀረ፣
ጉድባው ተደፍኖ መስመሩ ግን ኖረ፤
በሰው ሳሎን ገብቶ በጓዳ እየወጣ
ካንድ ሶፋ ላይ ሁለት ባዕድ አመጣ።
አሥራ አራት ቁጥር ምድጃው ዊክስታን ነው፣ አልጋው ሄርስኮት፤
ሰውየው እዚያ ጠብሶ እዚህ ይተኛል፣
ቆሻሻውን ሰኞ ያውጣ ሐሙስ
እስካሁን የነገረው የለም።

አንጁ ኩርያን ተነሣች። የሌሊት ነርስ ናት፤
ዩኒፎርሟ ከካፖርቷ ሥር ይታያል፣ ሰዓቷን ታያለች።
«ከፌርማታው እስከ ደጄ ሁለት መቶ ርምጃ ጨለማ ነው።
መብራት ጠየቅሁ። እነዚያ ወደ እነዚህ ላኩኝ፣
እነዚህ ወደ እነዚያ።
ልጄ ጉድጓዱ ላይ ወድቆ ጥርሱን ሰበረ።
ጥርሱ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ንገሩኝና
ቅጹ ላይ ልሙላው።»

ያኔ አዳራሹ ተንጫጫ፤
አንዷ ስለ ግብር፣
አንዱ ስለ መቃብር፦
«ሠላሳ ቦታ ብቻ ነው የቀረን፤
ይህ ሁሉ ሰው ከተጨመረ እኛ የት ልንሞት ነው?»
ደግሞ ስለ ስም። አዲስ ምክር ቤት ከቆመ ማን ይባል?
ግንበኛው ኩባንያ ያወጣው ስም ተነበበ።
«ይህማ የብስኩት ስም ነው» አለች አንዲት አሮጊት፣
በዚያ ምሽት ሁሉም የተስማማው በዚህ ብቻ ነው።

(በእኔ ቋንቋ ድንበር የሚለው ቃል
ጅራቱ በር ነው።
ማንም አያንኳኳውም።)

በመጨረሻ ሲሪል ትሬስከት ቆመ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ፣
ቆቡን በእጁ እያዞረ።
«ሰባት ዓመቴ ነበር። ድንበር የሚዞርበት ቀን።
ቄሱ ከፊት፣ እኛ ልጆች የአኻያ በትር ይዘን ከኋላ።
እዚያ የወሰን ድንጋይ ጋ ስንደርስ
ሁለት ጎልማሶች እጅና እግሬን ይዘው አነሡኝና
ግንባሬን ከድንጋዩ አጋጩት፣ እንዳልረሳ።
አልረሳሁም።
ድንጋዩ ዛሬ አደባባዩ ሥር ነው፣ አስፋልት ለብሶ።
ምልክቱ የቀረው እዚህ ነው» ብሎ ሽበቱን ገለጠ።

ሰው ሁሉ ካርታውን ትቶ ግንባሩን አየ።
«ታዲያ፣ ተቃዋሚ ብዬ ልጻፍ?» አለች ፊሊፓ በቀስታ።
«ምን ብለሽ እንደምትጽፊ እንጃ።
እኔ የነገርኩሽ ያመመኝን ነው።»

ከሁለት ሺህ ቅጽ አርባ አንዱ ተመለሰ።
አንዱ ላይ ቃል የለም፣
የሻይ ኩባያ ቀለበት ብቻ።

ካርታው ተጠቀለለ፣ ወንበሩ ተደራረበ፣ ዝናቡ አባራ።
ሲሪል ባትሪ አለው፣ አንጁ የላትም፤
እስከ ፌርማታው መንገዳቸው አንድ ነው።
በጨለማው መሃል፣ ምንም በሌለበት፣
ሽማግሌው ድንገት ቆመ። እግሩ ያውቀዋል።
«እዚህ ጋ ነው» አለ።
«ምኑ?»
አልመለሰላትም። ባትሪውን ዝቅ አድርጎ
ጉድጓዱ ላይ አበራላት፤
«በግራ እለፊ» አላት፣
ተከትሏት ተሻገረ።